ምክንያት የሚል መስመር

ቅዳሜ ማለዳ፣ ከሌሊት ፈረቃ፣
ጠጉሬ ጥጥ እንዳዘለ፣ አንድ ዓይኔ ተኝቶ ሌላው ሳይነቃ፣
ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሚኒባስ ጠብቄ፣
ደብተሬን በብብቴ እንደ ዳቦ ደብቄ፣
"ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው!" ይላል ረዳቱ።
አንድ ሰው እኔ ነኝ።

ሐረጎ ሲጀምር እንቅልፌ ይጀምራል፣
ጭንቅላቴ የማላውቀው ሰው ትከሻ ላይ ያድራል።
ከጎኔ ያሉት አዛውንት፣ ጺማቸው በሂና፣
"አብሽሪ፣ ተኚ ልጄ፣ ሩቅ ነው ገና።"
"ምኑን ነው 'ምትማሪ?" አሉኝ ደሴ ስንደርስ፣
"የሰው ሀብት አስተዳደር" አልኳቸው ስመልስ።
"የሰው ሀብት?" አሉ ቆይተው፣ "ባለቤቱስ የት ሄዶ?
ያንቺን ሞግዚትነት ማን ሰጠሽ ፈቅዶ?"
ሰው ማለት ሌላ ሰው መስሏቸው ነበረ፤
ላስረዳ ስል ሚኒባሱ ቆመና ነገሩ ቀረ።

ክፍላችን አንደኛ ፎቅ ነው፣ ከታች ብረታ ብረት፣
መምህር ገብረየስ ስለ ቅጥር ሲያስረዱ፣ ስለ ዕድገት፣
"ሠራተኛ ማለት..." ድው! "...ማለት ነው" እያሉ፣
የመሃሉን ቃል የሰሙ እስካሁን የሉ።
ከሐይቅ የምትመጣ ነርስ፣ የባንክ ጥበቃ፣
ማዛጋት በወረፋ ነው፣ እንደ ቧንቧ ውሃ ጥበቃ።
እቁቤ የወጣ ለታ ወንድሜ ባጃጅ ሲያሰላ፣
እኔ ለሴሚስተር ከፈልኩ፣ ወሩን ቆሎ ልበላ።

አንዱ ዓመት በመሃል ጠፋ። ስለዚያ ዛሬ አልጽፍ።
ስንመለስ መምህሩ ስም ሲጠሩ
አንዳንዱን ሳያነቡ ሲያልፍ
ጣታቸውን አየሁት።

ከሽመና ክፍል ወደ ቢሮ ደረጃው አሥራ አራት፣
ዘጠኝ ዓመት በሥሩ ሳልፍ ቆጥሬው አላውቅም አንድ ሌት።
አቶ እሸቴ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣
የመዝገቡን ቁልፍ ሰጡኝ፦ "ሰዉ ሁሉ እዚህ ነው ያለው።"
የብረት ሣጥኑን ከፈትኩ፣ ሽታው የከረመ ሻይ፣
የራሴን ማህደር ፈለግሁ ማንም ሰው ሳያይ።
አንድ ጉርድ ፎቶ፣ አንገቴ ቀጭን፣ ዓይኔ የፈራ፣
ከሥሩ አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ማህተሙ እንደ አሻራ፦
"በሥራ ሰዓት ሲያንቀላፉ በመገኘትዎ..."
ቀኑን አየሁት። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ሳቄ ቀረ፣
የሒሳብ አያያዝ ፈተና ዋዜማ ነበረ።

በሦስተኛው ቀኔ አንድ ቅጽ መጣ ከታች፣
አሚናት ይመር፣ ማሽን ሃያ ሁለት፣ ስትተኛ ተገኘች።
አሚናት ማለት ከጎኔ ማሽን የቆመች፣
ፈረቃ እየለወጠች ቅዳሜዬን የሸመነች።
"ጻፊላት" አሉ አቶ እሸቴ፣ "አብነቱ ኮምፒውተሩ ላይ አለ፣
ስም ብቻ መለወጥ ነው።" እውነት ነው፣ ቀለለ።
ስሙን ለወጥኩ። የኔው ደብዳቤ ነበር፣ ቃል በቃል፤
ለካ ሰው እዚህ ቤት ሲቀጣ ብቻ አንቱ ይባላል።

ደረጃውን ወረድኩ። ጩኸቱ እንደ ጥንቱ፣
ጆሮዋ ሥር ጠየቅኋት፣ "ምንድን ነው ምክንያቱ?"
ነገረችኝ።
እዚህ አልጽፈውም፣ የሷ ነው።

ደንብ ደንብ ነው፣ አውቃለሁ፤ ደብዳቤው አልቀረም።
ቅጹን ግን ደግሜ አየሁት፦ ስም፣ የሥራ መደብ፣ ጥፋት፣ ፊርማ፣
ምክንያት የሚል ቦታ የለም፣ ማን ጠይቆ ማን ሊሰማ።
የቅዳሜ ማስመሪያዬን አወጣሁ፣ ጫፉ የተሸረፈ፣
አሰመርኩ፤ እጄ ቢንቀጠቀጥም መስመሩ እስከ ዳር አለፈ።
አቶ እሸቴ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው
"ይሄ ቅጽ እኮ..." አሉ።
እኔ እየጻፍኩ ነው።